እባክዎ ይሙቱልኝ፣ ክፍል ሁለት

ባለ ሰይፉ በሕይወቱ ይዞት የሚያውቀው ትልቁ ስለት የሽንኩርት ቢላዋ ነው። እሱንም ቢሆን ሚስቱ «ጣትህን ትተህ ሽንኩርቱን ክተፍ» እያለች ትቀማዋለች። ሰይፍ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ስሙ የወጣለት በጉሮሮው ነው።

ጠዋት ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሞ የሰው መታወቂያ ፊትና ጀርባውን ያባዛል። ከምሳ በኋላ ደግሞ የባዕድ አገር ፊልም ይተረጉማል፤ ተርጉሞም በድምፁ ይጫወተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከተረጎማቸው መሐል ሰው የሚያስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፤ ስለማይሞቱ ሰይፈኞች የሚያወራውን። አንድ ደግ፣ አንድ ክፉ፣ ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ በየተራራውና በየጣሪያው እየተፈላለጉ ይሞሻለቃሉ። ሌላ ታሪክ የለውም።

ያኔ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ሲተረጉመው አንድ ነገር ከነከነው። ስምንት መቶ ዓመት የኖረን ሰው ማን ደፍሮ «አንተ» ይለዋል? እሱ የሰፈሩን የሰባ ዓመት ዘበኛ እንኳ «አንተ» ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱን ባላንጣዎች «እርስዎ» አባባላቸው። ሰይፍ ተማዘው፣ ከአፋቸው ደም እየወረደ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ ከእጄ አያመልጡም!» «ኧረ እርስዎ ደግሞ አበዙት!» ይባባላሉ። ደጉ የመጨረሻውን ምት ሲሰነዝር ደግሞ፣ ባለ ሰይፉ ባለው ድምፅ ሁሉ፣ «እባክዎ ይሙቱልኝ!» አለ።

ስህተትም እንደ ሰው ዕድል አለው። ይሄኛው ዕድለኛ ሆነና አገር ምድሩ ያዘው። ግድግዳ ለግድግዳ ትንኝ የሚያሳድድ ሰው ሳይቀር፣ ጫማውን አንሥቶ «እባክዎ ይሙቱልኝ» ማለት ጀመረ።

ሰው የያዘው ሌላም ነገር አለ። ክፉው በመጨረሻ የቀለጠ ብረት ወደሞላበት እቶን ሲወድቅ፣ እንደ ማንኛውም ክፉ ተራግሞ ወይም «ወይኔ» ብሎ መውደቅ ሲገባው፣ «እትዬ!» ብሎ ነው የወደቀው። ፊልሙ ውስጥ ደግሞ እህት የሚባል ነገር የለም። ብዙ ክርክር ተነሣ። «ያሳደገችው ታላቅ እህት አለችው፣ ክፍል ሁለት ላይ ትመጣለች» ያለ አለ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ እትዬ የሰይፉ ስም ናት ብሎ የደንበኛውን ግማሽ ፀጉር ትቶ ተከራክሯል። ባለ ሰይፉን ሲጠይቁት «እንዲያው ነው» ይልና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል።

ይኸው ክፍል ሁለት መጣ። እህት ግን አልመጣችም። የመጣው ራሱ ክፉው ነው። ያን ከመሰለ እቶን ወጥቶ፣ የተቃጠለው አንድ ቅንድቡ ብቻ። እንዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ክፍል ሁለት ነዋ።

«እነዚህ ሰዎች አይደክማቸውም?» አለ ባለ ሰይፉ አንድ ቀን፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲጽፍ ውሎ ወገቡን እየያዘ።

«እነሱን ምን ያደክማቸዋል፣ የሚደክመው አንተን» አለች ሚስቱ። የታጠበ ልብስ ታቅፋ በትከሻው አሻግራ አየች። አየችና ቆመች። «እንዴ፣ አንቱታው የት ገባ? 'አንተ' እያልክ ነው እኮ የጻፍከው።»

«ተላመዱ።»

«ስምንት መቶ ዓመት ያልተላመዱ ሰዎች አሁን ተላመዱ?» እሱ መጻፉን ቀጠለ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄን የጻፍከው ለክፉው ነው ወይስ ለጋሼ?»

ባለ ሰይፉ እስክሪብቶውን ነክሶ መስኮቱን አየ። እሷም መልስ የሚያስፈልጋት ሴት አይደለችም።

ጋሼ ያለችው ጎርናናውን ነው። የክፉው ድምፅ እሱ ነው። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ሲሆን፣ ድምፁ ከመጎርነኑ የተነሣ «ፍሬን!» ብሎ ሲጮኽ የሌላ አስተማሪ ተማሪም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደግሞም የባለ ሰይፉ የታላቅ እህቱ ባል ነው። ነበር ማለት ይሻላል፤ እህትየው የለችም። እናትና አባታቸው በጊዜ ስላለፉ ባለ ሰይፉን አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ ኋላም ባል ስታገባ ከነልብሱ ጠቅልላ ይዛው የገባችው እሷ ናት። ጎርናናውም «ሚስት አገባሁ ብዬ ልጅ ተመረቀልኝ» እያለ ተቀበለው። «አንተ ልጅ» ነበር የሚለው፤ ባለ ሰይፉ ፂም ካወጣ፣ ከዚያም ፂሙ መሸበት ከጀመረ በኋላም «አንተ ልጅ»።

ክፍል አንድን ሲቀዱ፣ ሦስት ገጽ ሲቀራቸው፣ ጎርናናው ስልክ መጣለትና ጆሮ ማዳመጫውን እንደ ባርኔጣ ወርውሮ ሚስቱ ወደተኛችበት ሆስፒታል ሮጠ። ባለ ሰይፉ ግን ቀረ። እዚያ የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እህቱ ካረፈች በኋላ ነበር። ጎርናናው ኮሪደሩ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሟል። ቀና ብሎ አየው።

«መጡ?» አለው። «ጨርሰው መጡ?»

ሃያ ሁለት ዓመት «አንተ ልጅ» ሲለው የኖረ ሰው! ታናሽ ታላቁን አንቱ ቢል ወግ ነው። ታላቅ ታናሹን አንቱ ሲል ግን በር መዝጋት ነው፤ ያውም ድምፅ ሳያሰሙ፣ በቀስታ።

ከዚያ ወዲህ አልተሰዳደቡም፣ አልተኮራረፉም፣ ሰላምታም አልተቋረጠም። «ደህና ዋሉ?» «ተመስገን፣ እርስዎስ?» ይባባላሉ። የተለወጠው ያቺ አንዲት ቃል ናት። አስታራቂ ቢጠራ እንኳ ባለ ሰይፉ ምን ብሎ ይከሳል? «አከበረኝ» ብሎ? ዘጠኝ ዓመት ይህን ክብር ተሸክሞ ዞረ፤ ክብር ደግሞ እንዲህ ይከብዳል ብሎ ማን ያስባል።

አሁን የፈለገው ብዙ አይደለም። በሐሰትም ቢሆን፣ በሌላ ሰው ከንፈር ላይም ቢሆን፣ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ «አንተ» ቢለው። ዘጠና ሁለት ገጽ የጻፈው ለዚህ ነው።

የስቱዲዮው ባለቤት ደግሞ የድሮዎቹ ድምፆች ካልሆኑ ሰው አይቀበለኝም ብላ ለሁለቱም ደወለች። ባለ ሰይፉ ጎርናናው እምቢ ይላል ብሎ ነበር። «ሥራ ሥራ ነው፤ እመጣለሁ» ብሏታል አሉ።

ስቱዲዮ ይባል እንጂ ከጋራዥ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ፍራሽ ተለብዷል፤ መስኮቱ በእንቁላል ካርቶን ተደፍኗል። ማራገቢያ አለ፣ ግን ሲቀዱ ይጠፋል፣ ድምፁ ይገባላ። ስለዚህ የማይሞቱት ሰዎች በረዶ ላይ ሲዋጉ፣ የሚሞቱት ሁለቱ እዚህ በላብ ይጠመቃሉ። ክፍል አንድ ላይ የባዕዱ ንግግር ከፊልሙ ሲጠፋ የሰይፉም ድምፅ አብሮ ስለጠፋ፣ ፍልሚያውን በድስት ክዳንና በጭልፋ ነበር የሠሩት። በጣም የተደነቀው የጣሪያው ላይ ፍልሚያ እንዲያውም ድስትም አይደለም፤ ከታች ጋራዡ ውስጥ የአንድ ሚኒባስ በር ሲቃና ሳይታሰብ የገባ ነው።

መሣሪያው ላይ የምትቀመጠው ሴት «እንደገና» ትባላለች። የወጣላት ሥራዋን ያየ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያወጣላት ስም ነው። አንድ ትንፋሽ ብታጥር «እንደገና»፣ ወንበር ሲጥ ቢል «እንደገና»። ያም ሆኖ ክፉ ሴት አይደለችም።

ባለ ሰይፉ በቀረጻው ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ሁለት ቦታ አርፎ ሲወጣ፣ ጎርናናው ቀድሞት ተቀምጧል። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቷል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ ጠጠር የጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ።

«ደህና ዋሉ።»

«ደህና ዋሉ ጋሼ።»

«ጽሑፉን አነበብኩት። ስህተት አገኘሁበትና አረምኩት።»

«የቱን?»

«ሁሉንም።» ወረቀቱን ዘረጋው። ገጹ ሁሉ ቀይ በቀይ ነው፤ እንደ ወደቀ ተማሪ ፈተና። «'አንተ' ይላል። በመጀመሪያው 'እርስዎ' ነበር። ሰው የለመደው እሱን ነው። የስቱዲዮው ባለቤትም እንደዚያ ነው የምትፈልገው።»

«ዘጠና ሁለቱንም ገጽ?» አለች እንደገና አንገቷን አስግጋ። «ጋሼ፣ እጅዎ አልዛለም?»

«ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ እጅ አይዝልም።»

ባለ ሰይፉ ወረቀቱን አየው። «አንተ» የሚለው እያንዳንዱ ቃል በማስመሪያ ተሰርዟል፤ አንዱም አላመለጠው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ሲጥ አለ፤ የወንበሩ ድምፅ መስሏት እንደገና በዓይኗ ገሠጸችው። ድካሙ የዛሬ አይደለም። ዘጠና ሁለት ገጽ ሙሉ «እባክዎን» እና «እርስዎን» ሲባባሉ ሊከርሙ ነው። ደግሞ ጨርሰው፣ ደህና ይዋሉ ተባብለው፣ ይኸው ነው።

«በሉ» አለች እንደገና። «መጀመሪያው ላይ ያለፈው ክፍል ማስታወሻ አለ። እቶኑ።»

«እሱን እንደ አዲስ እንቀዳዋለን» አለ ባለ ሰይፉ ፈጠን ብሎ። «ገጽ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«አያስፈልግም። የድሮውን ድምፅ ከዕቃ መሐል አግኝቼ ለጥፌዋለሁ። ድካም ልቀንስላችሁ ብዬ ነው።»

«ተዪው። ጥራቱ...»

«ጥራቱማ ከአሁኑ ከእናንተ ይሻላል» ብላ ተጫነችው።

ባለ ሰይፉ ጎርናናው ያንን ፊልም አይቶት እንደማያውቅ ያውቃል። ሰው ሁሉ «እባክዎ ይሙቱልኝ» ሲል እሱ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፤ ያ ፊልም ለእሱ ፊልም አይደለም፣ የአንድ ቀን ስም ነው።

ስክሪኑ ላይ ደጉና ክፉው በእቶኑ ከንፈር ላይ ቆመው ይፎክራሉ። ጎርናናው ጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ ያዳምጣል። ከራሱ አፍ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ጎርናና ነው፣ ከባድ ነው፣ ግን የሆነ ቦታ ይሰፋል፤ የሰው ኮት እንደለበሰ ሰው፣ እጅጌው ይረዝማል።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ ጎርናናው።

ሰይፉ ተሰነዘረ። «እባክዎ ይሙቱልኝ!» ክፉው ሚዛኑን ሳተ፣ እጁን አወናጨፈ፣ ወደቀ። ሲወድቅ ያ የተዋሰው መጎርነን ሁሉ ከድምፁ ላይ ተራገፈና፣ ውስጡ የነበረው አንድ ልጅ ጮኸ።

«እትዬ!»

ከዚያ እሳቱ ነደደ፣ ጢሱ ወጣ፣ የክፍል ሁለት ርዕስ መጣ። እንደገና ቁልፉን ተጭና አቆመችው።

ጎርናናው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«እንደገና» አለ።

ሴትየዋ ስሟን የጠራት መስሏት «አቤት?» አለች።

«አጫውቺው፣ እንደገና።»

አጫወተችው። ሦስት ጊዜ ክፉው ወደቀ፣ ሦስት ጊዜ «እትዬ» አለ። ባለ ሰይፉ ከፍራሹ ላይ የወጣች አንዲት ክር በጣቱ እየጠቀለለ መሬት መሬት አየ። በሦስተኛው ጎርናናው ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እንደገና ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና ብድግ አለች። ማራገቢያውን ከፈተችላቸው። «ሻይ ላምጣ» ብላ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው። ከፍ ብሎ እንደተነገረው፣ ክፉ ሴት አይደለችም።

ማራገቢያው ወረቀቶቹን ያገላብጣል።

«እዚህ ላይ የጻፉት 'ወይኔ' ነው» አለ ጎርናናው ገጽ አንድን በጣቱ ይዞ።

«አዎ።»

«ያኔም ወረቀቱ ላይ 'ወይኔ' ነበር። አስታውሳለሁ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«አመለጠኝ። ባለቤቷ ጊዜ የለም ብላ እንዲሁ አስገባችው።»

«እኔ በሌለሁበት እቶን ከተቱኝ ማለት ነው። በእኔው ድምፅ።»

«ሦስት ገጽ ነበር የቀረው።»

«እሱን አውቃለሁ። እኔም ሦስት ገጽ ትቼ ነው የሄድኩት።» ጎርናናው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «ዘጠኝ ዓመት አልጠየቅኩም። አሁን ልጠይቅ። ለምን ቆዩ?»

ባለ ሰይፉ ክሯን በጠሳት።

«እርስዎ እንደወጡ እትዬ ደወለችልኝ። 'ጋሼህ ብዬው ብዬው እምቢ ብሎ እየሮጠ ነው፤ አንተ እንኳ ሥራህን ጨርሰህ ና፤ እኔ የትም አልሄድም' አለችኝ። የትም አልሄድም ነው ያለችው።» ድምፁ ሊሄድበት ሲል ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሙያ ልማድ ነው። «እኔም ጨረስኩ። የእርስዎንም የእኔንም።»

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? በሞተች ሴት ላይ ላላክክ?»

ከታች የጋራዡ መዶሻ ሁለት ጊዜ መታና ተወ። ጎርናናው እጁን ፊቱ ላይ አሳልፎ፣ በዚያው እጅ አፉን ያዘ። ከጣቶቹ መሐል አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ለመለየት ያስቸግራል።

«ለእኔም ያንኑ ነው ያለችኝ» አለ በመጨረሻ። «'እንዳትመጣ፣ የትም አልሄድም።' ቃል በቃል።»

«እርስዎ ግን ሄዱ።»

«እኔ መቼ ሰምቻት አውቃለሁ!»

እውነቱን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖር ሚስቱ ዣንጥላ ያዝ ስትለው አልያዘም፣ ቀስ ብለህ ንዳ ስትለው አልቀነሰም። ያን ቀንም እንደ ልማዱ አልሰማትም፤ ደረሰላት። ባለ ሰይፉ ደግሞ በጀርባዋ ከታዘለበት ጊዜ ጀምሮ እትዬ ያለችውን ሁሉ የሚሰማ ልጅ ነው። ያን ቀንም እንደ ልማዱ ሰማት። በሁለቱ መሐል የነበረው ልዩነት ይኸው ነበር። ሁለቱም ተቀምጠው አዩት፤ አዩትና አሁን ምን እንደሚያደርጉበት አላወቁም።

እንደገና ሦስት ብርጭቆ ሻይ በአንድ እጇ ይዛ በእግሯ በሩን ከፈተች። ማንም አላያትም። ሻዩን ጠጡ። ማራገቢያው ጠፋ፤ ሙቀቱ ተመለሰ።

«ገጽ ሦስት» አለች። «ክፉው ከእቶኑ ወጥቶ ደጉን ያገኘዋል። ደጉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ሰይፉን ተመርኩዞ። ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምራሉ።»

ስክሪኑ ላይ አንድ ቅንድብ ያለው ሰውዬ ከጢስ ውስጥ ወጣ። ቀርቦም ቆመ። የተቀመጠውን ሰው ከላይ ወደ ታች አየው። ወረቀቱ ላይ፣ በባለ ሰይፉ እጅ «ደከመህ?» የሚል አለ። እሱ ላይ ቀይ መስመር፤ ከመስመሩ በላይ በጎርናናው እጅ «ደከመዎት?»

ጎርናናው ወረቀቱን አየ። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ።

«ደከመህ?» አለ።

እንደገና ቀረጻውን አቆመች።

«ጋሼ፣ 'ደከመዎት' ብለው አርመዋል እኮ።»

«አፉ ቶሎ ይዘጋል። አይበቃውም።»

«ኧረ አይዘጋም! እንዲያውም ይተርፈዋል፣ ይኸው...»

«ይዘጋል አልኩሽ።»

እንደገና ስክሪኑን አየች። የክፉው አፍ እንደ ጋራዥ በር ተበርግዶ ቆሟል። አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። «እሺ፤ ይዘጋል» አለች። «መልሱ፣ ባለ ሰይፉ።»

የደጉ መልስ በወረቀቱ ላይ ግልጽ ነው፤ «የማይሞት ሰው አይደክመውም!» ተብሎ፣ በቃለ አጋኖ ተጽፏል። ባለ ሰይፉ ራሱ ነው የጻፈው። ትንፋሹን ሳበ፣ አፉን ከፈተ።

«ደከመኝ ጋሼ» አለ።

«እሱ ደግሞ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለች እንደገና ገጹን እየገለበጠች። «'ጋሼ' የሚል የለም እኮ። ክፉውን ጋሼ ሊለው ነው? አሁን ደግሞ ሰው 'ጋሼ ማነው' ብሎ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ይከራከር? በሉ እንደገና።»

ጎርናናው ግን እጁን አነሣ። ከደረት ኪሱ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አመቻቸ። «ደከመዎት» የሚለውን በማስመሪያ ሰረዘ። ቀጠለና ከሥሩ ያለውን «እርስዎ» ሰረዘ። ገጹን ገለበጠ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች እንደገና።

«ያረምኩትን እያረምኩ።»

«ባለቤቷስ? 'እርስዎ' ይሁን ብላለች።»

«'እባክዎ ይሙቱልኝ' ብቻ እንዳለች ትቆይ፤ እሷ የሕዝብ ናት። ለሌላው እኔ እነግራታለሁ።» አንድ ሰረዘ፣ ሁለት ሰረዘ። በአምስተኛው ገጽ ላይ እጁን አራገፈ፤ መሪ የያዘ እጅ አይዝልም የተባለው ለካ ይዝላል። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በላዩ ላይ ባለ ሰይፉን አየው።

«ስንት ገጽ ነው ያልከኝ?»

«ዘጠና ሁለት።»

«አንተ ልጅ ደግሞ ከጻፍክ አትቆምም! ምናለ እዚያው እቶኑ ውስጥ ብትተወኝ ኖሮ?»

ባለ ሰይፉ ወንበሩን ጎተተና፣ ወንበሩም ሲጥ አለ፣ ከጎርናናው አጠገብ ሆኖ የወረቀቱን ሌላ ጫፍ ያዘለት፤ ማስመሪያው እንዳይንሸራተት። ወገቡ ያመዋል። ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ገና ገጽ ስድስት ናቸው።